ወተቱ ውስጥ የጨመርኩት

ጥቅምት 6
ጠዋቱ ብርድ ነው። ጉልበቴ ደህና። አንድ ሰዓት ላይ ወተት አሞቅኩ። ሚጡ ሦስቱንም ኩባያ ጨርሳለች፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይና አመሻሽ። ዳቦ ያለ ቅርፊት ሁለት ቁራጭ። ድንቹን አልነካችም። ዛሬ ትንሽ ቢጫ ብሎባት ይሆናል።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ፣ “እማዬ፣ ለምንድን ነው ካንቺ እጅ ብቻ የምትጠጣው?” አለችኝ። ቅናት ያለበት ጥያቄ። መልሱ ቀላል ነው። እነሱ አንድ ቀን ትኩስ፣ አንድ ቀን ለብ ያለ ይሰጧታል። አንድ ቀን ቆመው፣ አንድ ቀን እየሮጡ። እኔ ሰማያዊውን ኩባያ አጥባለሁ፣ በነጩ ጨርቅ አደርቃለሁ፣ እስከ መስመሩ እቀዳለሁ፣ አማስላለሁ፣ ማንኪያውን ጠርዙ ላይ ሦስቴ አንኳኳለሁ። ያን ጊዜ ካለችበት ትመጣለች። ሁለቴ ካንኳኳሁ አትመጣም። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አንድ ቃል ከአፏ አይወጣም... መቁጠሩን ማን አስተማራት?

አማቼ፣ “በዚህ ቤት ሥርዓት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እማማና የልጅ ልጃቸው። እኛ ተከራይ ነን” ይላል። ሳቅኩ። እውነቱን ነው።

ጥቅምት 9
እንግዳ መጣች። ልጄ በስልክ ከምትጻጻፋቸው እናቶች አንዷ ናት። መንትያ ወንዶች አሏት፤ ሁለቱም እንደ ሚጡ ኦቲዝም አለባቸው። ስሟን ነግራኝ ነበር፤ ለኔ የመንትዮቹ እናት ናት። የደከመች፣ ፈጣን ምላስ ያላት፣ ጫማዋን ሳትፈታ የምትቀመጥ ሴት።

ቆርቆሮ አወጣች። ዱቄት ነው። ቫይታሚን፣ ማግኒዚየም፣ ሌላም ሌላም። “በአራተኛው ሳምንት ቀድሞ የተወለደው ‘ውሃ’ አለኝ” አለች። “ውሃ። ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።”
“ሁለተኛውስ?” አልኳት።
“እሱ ሰነፍ ነው፣ ወንድሙ እስኪጠይቅለት ይጠብቃል።”
ልጄ አልሳቀችም። ቆርቆሮውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

ከሄደች በኋላ ጽሑፉን አነበብኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት መድኃኒት ቤት ሚዛን ፊት ቆሜያለሁ። ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ይነበባል፤ ሲያነሡት፣ ሲለኩት፣ ሲመልሱት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። “የልጅዎን እድገት ይደግፋል” ይላል። ምኑን ነው የሚደግፈው? በምን? አይልም።

ጥቅምት 11
ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ወጣት ናት፣ ጥፍሯ አጭር፣ የምትናገረውን መዝና የምትናገር። ወደድኳት። ሚጡ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። የደም ውጤቷ ደህና፤ የጎደለ የለም።
“ጎድሎ ቢሆን እሞላላችሁ ነበር” አለች። “ለኦቲዝሙ ግን ይሠራል ብዬ በእርግጠኝነት የምሰጣችሁ ዱቄት የለኝም። ሦስት ምግብ አላት፤ ወተት፣ ዳቦ፣ ድንች። እነሱን ጠብቁላት።”
ደረጃው ላይ ልጄ፣ “ልጅ የላትም” አለችኝ።
“በምን አወቅሽ?”
“ያስታውቃል።”
ሚጡ በመኪናው መስኮት ላይ ምላሷን አድርጋ የንዝረቱን ጣዕም ስትቀምስ ነበር።

ጥቅምት 14
ሞከሩት። አባቷ ጭኑ ላይ ያዛት፣ እናቷ በማንኪያ። ተፋችው። እንደገና። አስመለሳት። በሦስተኛው የአባቷን እጅ ነከሰች።
እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የተናገርኩትን ልጻፈው፤ “እኛ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የዓሣ ዘይት በየሳምንቱ እንዋጥ ነበር። ሃምሳ ሁለት ሴት ልጅ በሰልፍ፣ አንድ ማንኪያ። የመኝታ ቤት ኃላፊዋ አፍንጫችንን ትይዘናለች፣ እንውጣለን። አንዳችንም አልሞትን።”
ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ጸጉሯ ላይ ትውከት አለ።
“እማዬ፣ ዛሬ ተይኝ።”
ተውኳት። ግን ያልኩት እውነት ነው። ሥርዓት ገደለን ወይ?

ጥቅምት 15
አማቼ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። እጁ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት የሥራ ጓደኞቹ ጠይቀውት “ውሻ ነው” አላቸው። “ምን ዓይነት ውሻ?” ሲሉት “ቆንጆ” አለ። ይህን ሲነግረን ሳቀ፤ ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዶ ቆየ።

ጥቅምት 17
ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፤ ቢላውን ከእጄ ወስዳ እሷ ትልጥ ጀመር። አንድ ነገር ስትፈልግ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት።
“መራራ መድኃኒት ለልጆች የምትሸሽጊው አንቺ ነበርሽ አይደል? ሰዎች ከሌላ ሰፈር ይመጡ ነበር።”
“ይመጡ ነበር።”
“ወተቱ ውስጥ... አንቺ ከሰጠሻት ትጠጣለች።”
ሐኪሟ ያለችው ትዝ አለኝ። ጠብቁላት ብላለች። ግን “ሙያሽ ነው እኮ፣ እማዬ” ስትለኝ... ጡረታ ከወጣሁ ሙያ ያለኝ መሆኑን ያስታወሰኝ የለም። ሽንኩርቱ አቃጠለኝ ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።
እሺ አልኳት።

ጥቅምት 18
አሠራሩ ይህ ነው። መራራ ነገር ባንዴ አይሸሸግም። ምላስን ቀስ ብሎ ማለማመድ ነው። የዛሬው በቢላ ጫፍ የሚያዝ ያህል ብቻ፤ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ አሟሟሁት፣ በስስ ጨርቅ አጠለልኩት፣ ወተቱ ሳይሞቅ ቀላቀልኩት። ቀመስኩ። ወተት ነው።
አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ቀዳሁ፣ አማሰልኩ፣ ሦስቴ አንኳኳሁ። መጣች። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ በጠርዙ በኩል እያየችኝ ጠጣች።
ደስ አለኝ። ለምን ይዋሻል፣ ደስ አለኝ።

ኅዳር 1
ሙሉ መጠን። አሥራ አራት ቀን ፈጀብኝ። አንድም ቀን አልጠረጠረችም። የመድኃኒት ቤቱ አለቃችን በሕይወት ቢኖር ባሳየሁት።

ኅዳር 8
ልጄ ማቀዝቀዣው በር ላይ ደብተር አንጠልጥላለች። ሚጡ ሰው ዓይን ያየች ዕለት ምልክት ታደርጋለች። ዛሬ “አየችኝ፣ እማዬ። ቆጥሬያለሁ፣ እስከ አራት” ብላ ወደ ኩሽና ገባች። ለባሏ ደወለች፣ ለመንትዮቹ እናት ደወለች። ከዚያ ገላዋን ስትታጠብ ስትዘፍን ሰማሁ። ስትዘፍን ከሰማኋት ሁለት ዓመት አልፏል። ድምፅዋ አሁንም ከፍ ሲል ይሰነጠቃል።

ኅዳር 12
እራት ላይ አማቼ ስለ ሥራው አወራ፤ አንድ የሚጠግነው ሕንጻ ውስጥ “በር ዝጋ” የሚለው ቁልፍ ሽቦ የለውም። ገና ሲሠራ ጀምሮ አልተገናኘም። “ሰዉ ግን ይጫነዋል፤ ደጋግሞ። በሩም በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ከዚያ ‘ጎበዝ አሳንሰር’ ብለውኝ ይሄዳሉ።”
“ለምን አትነግራቸውም?” አለችው ልጄ።
“ምን አገባኝ፣ ደስ ብሏቸው ይውረዱ።”
ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ቁልፉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ኅዳር 15
ሳስበው ሰነበትኩ። ልጄ ዱቄቱ መሰጠቱን እያወቀች ነው ምልክት የምታደርገው። እንዲህ ያለ መዝገብ አይታመንም። አለቃችን “የሠራውን የሠራ ከመሰለው ለዩ” ይለን ነበር። ከነገ ጀምሮ ዱቄቱን አልጨምርም። ለማንም አልናገርም። የየቀኑን ድርሻ ከቆርቆሮው ቀንሼ በባዶ ጠርሙስ አኖራለሁ፤ የቆርቆሮው መጠን እንደ ወትሮው ይወርዳል።
ማታለል ነው? ማረጋገጥ ነው። ለጥቂት ቀን ብቻ።

ኅዳር 22
ሰባተኛ ቀን፣ ንጹሕ ወተት። ልጄ፣ “ጭኔ ላይ ራሷን አስደገፈች፤ ራሷ መጥታ። እየሠራ ነው፣ እማዬ።”
“ጥሩ ነው” አልኩ።

ታኅሣሥ 1
አሥራ ስድስት ቀን። ልጄ ሥራ ላይ ሳለች ደብተሩን ከበሩ አውርጄ ከኔ ማስታወሻ ጋር አስተያየሁት። ዱቄቱ በሙሉ መጠን በነበረባቸው አሥራ አምስት ቀናት ዘጠኝ ምልክት። ባልነበረባቸው አሥራ ስድስት ቀናት አሥራ አንድ።
እንግዲያው ዱቄቱ ምንም አይደለም። የሆነውን ያደረገችው ሚጡ ራሷ ናት። በራሷ ጊዜ። ወይም እናቷ ማየት ስለ ጀመረች ነው። ማን ያውቃል?
ይህ መልካም ዜና ነው ወይስ ክፉ? ምናልባት ልጄ የምትደሰትበት አነጋገር ይኖረዋል... “ዱቄት አያስፈልጋትም፣ ልጅሽ በራሷ ናት” ብላት። አይሆንም። ልጄ የምትሰማው “የያዝሽው ነገር ባዶ ነው” የሚለውን ብቻ ነው።
ነገ እነግራታለሁ።

ታኅሣሥ 2
አልነገርኳትም። ጸጉሯን ተሠርታ መጣች።

ታኅሣሥ 3
አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 5
“የመንትዮቹ እናት የዓሣ ዘይት ከታከለበት ይፈጥናል ትላለች። ዱቄቱም እጥፍ ይሁን።” ጠርሙሱንም ገዝታ መጥታለች።
“ይቆይ” አልኳት።
“ለምን?”
አፌን ከፈትኩ። ቃሉ እዚያው ነበር፣ ምላሴ ላይ። “ቀስ ይባል” አልኩ።
“እሺ፣ አንቺ ባልሽው ቀን ጀምሪ።” ጉንጬን ሳመችኝ።
ሃምሳ ሁለት ልጆች ፊት ስሕተቷን ቆማ የምትናገር ልጅ ነበርኩ። ያቺ ልጅ የት ሄደች?

ታኅሣሥ 9
ጽሑፌ ይቅርታ ይደረግለት፤ መስመሩ በደንብ አይታየኝም።

ጠዋት የዓይን ቀጠሮ ነበረኝ። በጊዜ ወጣሁ፤ ወተቱን ስመለስ እሰጣታለሁ ብዬ። ጠብታ አድርገውብኝ ሁሉም ነገር ደብዝዞብኝ ተመለስኩ። ኩሽናው ወለል ላይ ነጭ ነገር ፈስሷል። መጀመሪያ ብርሃን መሰለኝ። ወተት ነው። ሰማያዊው ኩባያ ጠረጴዛው ሥር ነው።
አማቼ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።
“ሰዓቷ አለፈባት፣ እማማ። በሩ ላይ ቆማ ኩባያውን ትመለከት ነበር። እንደ እርስዎ ነው ያደረግኩት። አጠብኩ። በነጩ ጨርቅ አደረቅኩ። እስከ መስመሩ ቀዳሁ። ሦስቴ አንኳኳሁ። መጣች እኮ። ከኔ እጅ ተቀበለች።”
“ምን ጨመርክበት?”
“ዱቄቱን። እጥፉን። ዘይቱንም... ለምዳዋለች ብዬ።”
ለምዳዋለች ብሎ። ማን እንደዚያ እንዲያስብ አደረገው? ሃያ ሦስት ቀን ንጹሕ ወተት ስትጠጣ ከርማ፣ በአንድ ጉንጭ ያን ሁሉ። ቢያውቅ አያደርገውም ነበር።
አላለቀሰችም አለኝ። አንድ ጉንጭ ጠጥታ የኩባያውን ውስጥ አየች። ከዚያ ለቀቀችው።

ታኅሣሥ 10
ወተት አልጠጣችም።

ታኅሣሥ 11
አልጠጣችም። ማንኪያውን ስመታ ጆሮዋን ይዛ ከክፍሉ ወጣች። የምጠራት በእሱ ነበር። አሁን ማባረሪያ ሆነ።

ታኅሣሥ 14
አዲስ ኩባያ፣ አይሆንም። ሌላ ወተት፣ አይሆንም። ውሃ ከቧንቧው ሥር አፏን አድርጋ ትጠጣለች፤ ከየት እንደሚመጣ ታያለች። ዳቦ ከአባቷ እጅ ትወስዳለች፤ ታሸትተዋለች፣ ትገነጥለዋለች፣ ውስጡን ትፈትሸዋለች። ካስቀመጡላት ድንች ግማሹን። ከኔ እጅ ምንም። ዳቦ ብሰጣት እጄን ታያለች እንጂ ዳቦውን አታይም።

አባቷ አንድ ቀን ነው ያሳታት። እኔ ግን ስንት ቀን? እንዴት አወቀች? ወይስ አላወቀችም፣ ማንኪያውን ብቻ ነው የጠላችው? የምጠይቃት በየትኛው ቋንቋ ነው?

ታኅሣሥ 18
አሥራ ሰባት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ሐኪሟ ሚዛኑን ሁለቴ አየችው።
“ከአሥራ ሰባት በታች ከወረደች አስተኝተን በአፍንጫዋ በቱቦ ነው የምንመግባት። ልታስፈራን ፈልጋ ነው እንዳትሉኝ።” ከዚያ ብዕሯን አነሣች። “ምን ያህል ነበር የምትሰጧት? ለስንት ቀን?”
“ሃምሳ ቀን ገደማ፣ በየቀኑ” አለች ልጄ። ወደ እኔ ዞረች። “እማዬ ናት በልክ የምትሰጣት።”
ሐኪሟ ጻፈች። ሃምሳ ብላ ስትጽፍ አየኋት።
ሐኪም መጠን ሲጠይቅ አይዋሽም። ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት አልጣስኩትም። ልጄን ዋሽቼ መኖር እችል ነበር፤ መዝገብ መዋሸት አልቻልኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?
“ያጥፉት” አልኳት። “ሙሉ መጠን አሥራ አምስት ቀን ብቻ። ከኅዳር 16 ጀምሮ ምንም አልሰጠኋትም፤ እስከዚያች ጠዋት ድረስ።”
ሚጡ ወንበሩን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር።

መኪና ውስጥ አማቼ ሞተሩን ሳያስነሣ ቆየ። “እንግዲያው ቁልፉ ሽቦ የለውም” አለ። ለመቀለድ አይደለም። ለራሱ ነው።
ልጄ ከፊት ሆና ወደ ኋላ ሳትዞር፣ “ስዘፍን ትሰሚኝ ነበር?”
“እሰማ ነበር።”
“እያወቅሽ።”
“እያወቅኩ።”


ታኅሣሥ 21
ልጄ “ብርድ ነው፣ ልበሺ” እና “መድኃኒትሽን ወሰድሽ?” ከሚሉት በስተቀር አታናግረኝም። ደብተሩ ከማቀዝቀዣው በር ላይ የለም። የተንጠለጠለበት ማግኔት ብቻ ቀርቷል።
የመንትዮቹ እናት ደወለች። ልጄ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻት፤ እኔ እንድሰማ ይሆናል። “እኔ ይህን አልሰማሁም” አለች ሴትየዋ፣ ቀስ ብላ። “ይቅርታ አድርጊልኝ። አልሰማሁም።” ዘጋች።
አልተቀየምኳትም። ሁለት ልጆች ይዛ ነው የምትጠብቀው።

ታኅሣሥ 26
አሥራ ሰባት ከአምስት መቶ። የቤት ሚዛን ገዝተናል። በጠርሙሱ ያጠራቀምኩትን ዱቄት ደፋሁ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ውሃውን ከፈተችልኝ።
“ብትነግሪኝ አላምንሽም ነበር” አለች።
“መንገሩ የኔ ነበር። ማመኑ ያንቺ።”
“አዎ።” ከዚያ፣ “እኔም ነኝ የለመንኩሽ።”
እጇን ልይዛት ፈለግኩ፤ እጄ እርጥብ ነበር።

ጥር 3
አሥራ ሰባት ከሦስት መቶ።
ዛሬ ያደረግኩት ይህ ነው። ኩሽናው ወለል ላይ ተቀመጥኩ፤ ለመነሣት ሁለት ሰው እንደሚያስፈልገኝ እያወቅኩ። ወተቱን ከነማሸጊያው አጠገቤ አደረግኩ። ሚጡ ከበሩ ጀርባ ነበረች፤ አንድ ዓይኗና ግማሽ ግንባሯ ይታየኛል። ማሸጊያውን ፊቷ ቀደድኩ። ባዶውን ሰማያዊ ኩባያ ገልብጬ አሳየኋት። ቀዳሁ። ማንኪያ የለም። እጄን ጭኔ ላይ አኖርኩ።
መጣች። ኩባያውን አነሣች። አሸተተች። በቃ፣ ልትጠጣ ነው አልኩ።
ወደ አፌ አመጣችው። ጠርዙን ከንፈሬ ላይ አስደገፈች። ጠጣሁ። ጉሮሮዬን ትመለከታለች፤ ሲወርድ ትከተለዋለች። ልተው ስል ታዘነብለዋለች። እስከ መጨረሻው አጠጣችኝ። ከዚያ ውስጡን አይታ፣ ገልብጣ መሬት ላይ አስቀመጠችውና ሄደች።
ልጄ በሩ ላይ ነበረች።
“ምን ማለቷ ነው?”
“አላውቅም።”
እሷና አማቼ በብብቴ ይዘው አነሡኝ። “አሳንሰር” አልኩት። “ሽቦ አለው” አለኝ።

ጥር 4
እንደ ትናንቱ። ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽ። አሸተተች፣ አጠጣችኝ፣ ሄደች።

ጥር 5
እንደ ትናንቱ። ወተት ለሆዴ አይስማማኝም፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ጥር 8
አሥራ ሰባት ከሁለት መቶ። የመኝታ ዕቃዋን ልጄ በትንሽ ሻንጣ አዘጋጅታ ከአልጋው ሥር አስቀምጣለች። ለሆስፒታል ነው። እንዳላየሁ ሆንኩ። ኋላ ማንም ሳያየኝ ካልሲ ጨመርኩበት።

ስድስት ቀን ሆነ። እሷ አንድ ጠብታ አልቀመሰችም። እኔ በቀን ሦስት ኩባያ። ሐኪሟ በስልክ “ቀጥሉ፣ ምን ይታወቃል” አለች። ምን እንደሚታወቅ እኔም አላውቅም። ይቅር ብላኝ ነው? እየቀጣችኝ ነው? ወይስ ወተቱ እኔን ሲያሳምመኝ ወይም ሳያሳምመኝ ለማየት እየጠበቀች ነው፣ እኔ አሥራ ስድስት ቀን ዝም ብዬ እንደጠበቅኩት? ከሆነ መብቷ ነው። አሠራሩም ትክክል ነው።

ዛሬ አመሻሽ ላይ፣ ስታጠጣኝ፣ ያቺ የመኝታ ቤት ኃላፊ ትዝ አለችኝ። ማንኪያዋ፣ የሳሙና ሽታ ያለው እጇ። ሃምሳ ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ነበር የምንውጠው። ዓይኔን ገለጥኩ። ሚጡ ፊቴ ላይ ነበረች፤ አንድ እጇ ኩባያው ሥር፣ አንዱ ትከሻዬ ላይ፣ እንዳልቸኩል ቀስ እያደረገች።

አፍንጫዬን አልያዘችኝም።